የድንቡሼን ልብስ የለበሰችው ሴት

«ይቺ ሴትዮ የልጄን ልብስ ለብሳ ነው የምትመጣው» አሉ አባቷ። «አረንጓዴውን ቀሚስ አውቀዋለሁ፤ የድንቡሼ ነው። ልጄን ምን አድርጋት ነው?»

ድንቡሼ ይህን ስትሰማ ኩሽና ውስጥ ቆማ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች ነበር። በኩሽናውና በአባቷ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሰው ቢያስነጥስ ከወዲህ ሆኖ ይማርህ ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቷ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እሷ እኮ ራሷ ድንቡሼ ናት። ከሳች እንጂ ሌላ ሰው አይደለችም» ስትል ሰማች። «ተይ እንግዲህ አታሹፊብኝ» አሉ ሽማግሌው። «ድንቡሼን እኔ አጥቻት ነው? እሷ እኮ በዚህ በር ስትገባ በጎን ነው የምትገባው!» እህቷን ሳቅ አመለጣት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንቡሼም ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን እንቁላሉን ሳህን ላይ አስቀምጣ የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ቁልቁል አየችው። በገዛ እጇ የሰፋችው፣ በገዛ እጇ ያጠበበችው ቀሚስ ነው። ሆኖም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አፈረች።

አባቷ ድሮ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ እሷ ቤት ጠቅልለው ከገቡ ግን አራት ወር ሆኗቸዋል። መርሳታቸው የሚሄደው ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው፤ የትናንቱን ካጠፋ በኋላ ያምናውን፣ ከዚያ ያቻምናውን እየጠራረገ ወደ ኋላ ይሄዳል። ታላቋን እህት ያውቋታል፤ እሷ ከድሮም ያው ናት። ድንቡሼ ግን የከሳችው ከስድስት ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ስድስቱ ዓመት ሲጠፋ ቀጭኗ ሴት አብራ ጠፋች። የቀረችላቸው ወፍራሟ ናት። ይቺን ጠዋትና ማታ የምታጎርሳቸውን ሴት አንዳንድ ቀን ነርስ ትመስላቸዋለች፣ አንዳንድ ቀን የቤቱ አከራይ። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን አጠራራቸው ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲሏት የኖሩ አባት፣ አሁን ከወንበራቸው ብድግ ለማለት እየቃጣቸው፣ «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ እዚህ ይበቃኛል» ይሏታል። እርስዎ! በመጀመሪያው ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አልቅሳለች።

እህቷ ወደ ኩሽና ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ቤቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስለሆነ ድንቡሼ ሥራ በምትውልበት ቀን ከአባታቸው ጋር የምትውለው እሷ ናት። ሻይ ቀዳች፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች፣ እንደገና አማሰለች። አንድ የምትናገረው ነገር እንዳላት ድንቡሼ ከማማሰሏ አወቀች።

«ልልሽና እተወዋለሁ» አለች እህቷ በመጨረሻ። «ትንሽ ብትወፍሪለት ምን ይጎድልብሻል? ዕድሜው ስንት ቀረው? ቢያንስ ልጁን አይቶ ይሙት።»

ሁለቱ እህትማማቾች ጠባቧ ኩሽና ውስጥ፣ አንዷ ሻይዋን እያየች፣ አንዷ የእንቁላሉን ልጣጭ እየለቀመች፣ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ድንቡሼ በር ላይ የተቀመጠውን የእግር ጉዞ ጫማዋን አጥልቃ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

ሥራ ቦታዋ በታክሲ አሥር ደቂቃ፣ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ስድስት ዓመት በእግሯ ሄዳለች። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አውጥቷት መቶ አራት ኪሎ ሲያነብና ስለ ስኳሯ ሲነግራት፣ ድንቡሼ የእናቷን እግር አስታወሰች፤ መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት ድረስ ቆርጠውት ነበር። በማግስቱ ከሠፈር ሴቶች ጋር አምስት ሆነው መራመድ ጀመሩ። ያ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር! መንገዱን በሳቅ ነበር የሚጨርሱት። አንዷ ከኋላ ቀርታ «ኧረ እኔን ቅበሩኝና ሂዱ!» ትላለች፣ ሌላዋ ወገቧን ይዛ መንገድ ዳር ትዘረጋለች። ኪሎዋ በቀነሰ ቁጥር ሰዉ ሁሉ እያቆመ ያደንቃት ነበር። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ይላታል፣ ደንበኛ «ምን እየበላሽ ነው?» ይላታል፣ ለሠርግ የተጠራች ይመስል በየሄደችበት ዞር እያለች ታሳያለች። ስልሳ ዘጠኝ ስትደርስ አበባ ገዝተው ያመጡላት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያመጡት ነገር አለቀ። ስልሳ ዘጠኝ ላይ መቆየት ወሬ አይሆንም። «ዘንድሮም እንደ አምናው ነሽ» ብሎ እልል የሚል ሰው የለም። ከአምስቱ አንዷ ሌላ ከተማ ገባች፣ አንዷን ጉልበቷ አስቀመጣት፣ ሁለቱ ዛሬ ነገ እያሉ ቀሩ። ድንቡሼ ብቻዋን ቀረች። ብዙ ጠዋት የምትራመደው ጉጉት ኖሯት አይደለም፤ እግሯ መንገዱን ስለሚያውቀው ብቻ ነው። አባቷ ከመጡ ወዲህ ደግሞ እሳቸውን ስታባብል፣ የተረፋቸውን ስትቀማምስ፣ የሚዛኑ መርፌ ወደ ሰባ ሁለት ተጠግቷል። ዛሬ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆም ብላ፣ ሃምሳ ደቂቃው ለምኑ ነው ስትል ራሷን ጠየቀች። ታክሲ ግን አልያዘችም።

የስፌት ቤቱ ከገበያው ሕንፃ ምድር ቤት ያለ፣ አራት የስፌት መኪና ግድግዳ ተጠግቶ የተደረደረበት፣ መስኮቱ በሰው እግር ልክ የሆነ ክፍል ነው። ልብስ ቆራጩ «ሜትሮ» ይባላል፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ሚስቱ ተኝቶም አያወልቀውም ብላለች አሉ። «ዛሬ ፊትሽ ጠቁሯል» አላት ገና ስትገባ። «እንቅልፍ ነው» አለችው። «እንቅልፍማ ፊት ያሳብጣል እንጂ አያጠቁርም» ብሎ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ብዙ የማይጠይቅ ሰው ነው፤ የምትወድለትም ይህንኑ ነው።

ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ ልብስ በፌስታል ይዛ ገባች። ድንቡሼ ቀና ስትል፣ ከአምስቱ ተራማጆች አንዷ የነበረችው አስተማሪ ናት፤ ያቺ «ቅበሩኝና ሂዱ» ባይዋ። ሁለት ዓመት ሳይተያዩ ቆይተው ነበር። ፊቷ ሞልቷል፣ አገጯ ሥር ድሮ የነበረው ተመልሷል። አስተማሪዋ ሰላምታውን በጥድፊያ ጨርሳ፣ ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ድንቡሼ ራሷ ከሦስት ዓመት በፊት ያጠበበችላት ቀሚስ ነው። «የትምህርት ቤቱ በዓል ቅዳሜ ነው። አልበቃኝ አለ። ይሰፋ ይሆን?» ድንቡሼ ቀሚሱን ገልብጣ የጎኑን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችው። ከውስጥ በኩል፣ በሁለቱም ጎን፣ አራት አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ይሰፋል» አለች። «ሳጠብበው አልቆረጥኩትም።»

አስተማሪዋ እጥፉን ትኩር ብላ አየችው። «እንደምመለስ ታውቂ ነበር ማለት ነው?» አለች፤ ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፣ ድምጿ ግን ከመሀል ተሰበረ።

«ኧረ በፍጹም! ለሁሉም ሰው እንደዚሁ ነው የምሠራው። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስማ።»

«ለራስሽም?»

ድንቡሼ የአረንጓዴ ቀሚሷን ጎን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ውስጡ እንደዚያው ነው፤ አንድ ሌላ ሰው ሊሰፋበት የሚበቃ ጨርቅ ታጥፎ ተኝቷል። ሁለቱም ሳቁ። አስተማሪዋ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ፣ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ብቻ እንደነበር፣ ሁለቱን ለመደበቅ ስትል ሚዛን መውጣት እንደተወች፣ ከዚያ መንገድ ላይ እነሱን ላለማግኘት ስትል ሌላ መንገድ መሄድ እንደጀመረች ነገረቻት። «እናንተን ሳይ ማፈሬ ነው የገደለኝ» አለች። «አንቺ እንዴት አድርገሽ ቆየሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ብለሽ ነው ጠዋት የምትነሺው?» ድንቡሼ ብዙ አሰበች። ትልቅ ነገር ልትነግራት ፈለገች፣ አልመጣላትም። «እኔም አላውቀውም» አለቻት። «ጫማዬን በር ላይ ነው የማስቀምጠው። ሲያደናቅፈኝ እወጣለሁ።» አስተማሪዋ መልሱ ትንሽ እንደሆነባት ፊቷ ላይ ታየ። የቀጠሮውን ቀን ተቀብላ ስትወጣ፣ ድንቡሼ የሰማያዊውን ቀሚስ ክር በመርፌ ጫፍ መፍታት ጀመረች። ራሷ የጠቀጠቀችውን ስፌት ራሷ ስትፈታ፣ የእህቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ተመላለሰ። ምን ይጎድልብሻል? ጨርቁ እንደሆነ አለ። መወፈሩ አንድ ዓመት ቢፈጅ ነው።

በምሳ ሰዓት እግሯ ወደ አሮጌው ዳቦ ቤት ወሰዳት። አባቷ አርባ ዓመት ዳቦ ጋግረውበታል፤ አሁን ባለቤቱ ሌላ፣ በሩም መስታወት ሆኗል። ከጓሮ በኩል ያለችው መስኮት ግን ያችው ናት፣ የምድጃው ሙቀትም እንደ ድሮው በዚያችው ይወጣል። ድንቡሼ ከመስኮቷ ሥር ቆመች። የዱቄቱ ሽታ ሰውን ከየት እንደሚይዝ ያውቅበታል፤ ወዲያው የአምስት ዓመት ልጅ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጓሮ በር ገብታ ሞቅ ያለው የዱቄት ጆንያ ላይ ትወጣለች፤ አባቷ ቅንድባቸው ድረስ ነጭ ሆነው፣ ከምድጃው በመጀመሪያ የወጣውን ዳቦ ለሁለት ገምሰው፣ እፍ እፍ ብለው፣ የበለጠውን ግማሽ ለእሷ ይሰጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትልቁ የዱቄት ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል። «ኑ፣ ኑ፣ ድንቡሼ ልትመዘን ነው!» ሲሉ ጋጋሪዎቹ በሙሉ እጃቸውን እየጠረጉ ይከባሉ። አባቷ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ካለፈው ቅዳሜ የጨመረ እንደሆነ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ሳይጨምር የቀረ እንደሆነ «ሚዛኑ ነው የተበላሸው!» ይሉና አንድ ዳቦ ይደርቡላታል። በዚያ ዕድሜዋ ከዚያ የበለጠ ደስታ አታውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ስንት ጊዜ አግኝታለች?

ዞራ በፊት ለፊት ገባች። «አንዱ ስንት ነው?» አለች ወደ ክቡ ጣፋጭ ዳቦ እያመለከተች። «አሥራ አምስት» አለች ሻጯ። ባለፈው ጊዜ ስትሰማ አሥር ነበር። ስድስት አስጠቀለለች። አንዱን እንደወጣች፣ እግረ መንገዷን በላችው። ጣዕሙ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባበቃ ነበር፤ ግን አልተለወጠም፣ ያው ራሱ ነበር። ሁለተኛውን ጀመረች። ጉንጯ ውስጥ እየተጠቀጠቀ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት በላች። በሆዷም ቆረጠች፤ እመለስለታለሁ። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ በዚያ በር በጎን ልግባና «ድንቡሼዬ!» ይበለኝ። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ።

ከሥራ ቀድማ ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ቤት ደረሰች። መኖሪያዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አራቱን ዳቦ ታቅፋ ደረጃውን ወጣችና በሩን ከፈተች። እህቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ለመሄድ ተነስታ ነበር። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆነው ዞር አሉ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ ቅር እንዳላቸው።

«እኔ ነኝ አባዬ። ዳቦ አመጣሁልህ።»

ሽታው ቀድሟት ደርሶ ነበር። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። አንዱን ዳቦ ተቀብለው ገለበጡት፣ ታችውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ለዚያች ጊዜ ቀጥ አለ። «ሊጡ ጥሩ አድሯል» አሉ። «እሳቱ ላይ ግን ቸኩለዋል፤ ዛሬ ሰው ትዕግሥት የለውም።» ከዚያ ለሁለት ገመሱትና ትንሹን ግማሽ ለራሳቸው አስቀርተው ትልቁን ሰጧት። «ይብሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። ያንን ቀሚስ ድንቡሼ ሰጥታዎት ነው?»

ድንቡሼ አፏን ከፈተች። ለመቶኛ ጊዜ «እኔ እኮ ነኝ» ልትል ነበር። እህቷም በር ላይ ሆና ያንኑ ስትጠብቅ አየቻት። የአባቷ ዓይኖች ግን ፈርተው ነበር፤ ልጁ የጠፋችበት ሰው ዓይን ነው። አራት ወር ሙሉ ራሷን ለማስታወቅ ስትታገል፣ እኚህ ሰው በየቀኑ ልጃቸውን ሲፈልጉ እንደሚውሉ አንድም ቀን አላሰበችውም።

«አዎ» አለች። «ራሷ ናት የሰጠችኝ። ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች።» እርስዎ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ትከሻቸው ወረደ። «እንደሱ አይሉኝም ታዲያ! እሷማ ያላትን ነው የምትሰጠው።» ዳቦውን ቀመሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። «ጓደኛዋ ከሆኑ አንድ ነገር ልንገርዎት። እርስዎ ደረጃውን ሲወጡ ድምፅዎ አይሰማም። ድምፅ ሳልሰማ በሩ ሲከፈት ነው የምደነግጠው። ድንቡሼ ስትመጣ ግን ከአንደኛው ፎቅ ጀምሮ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሁለተኛው ላይ ትቆማለች። እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ፣ እስክትነሳ ድረስ። አንዳንድ ቀን ስልሳ እደርሳለሁ። አይ፣ ዛሬስ ቀረች እላለሁ። እናቷም እንዲሁ ነበር የጀመራት።» ፍርፋሪውን ከጭናቸው ለቀም ለቀም አደረጉ። «እኔ ነኝ ያበላኋት። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሰው ሰብስቤ እያስጨበጨብኩ። ልንገራት እላለሁ፣ ይከፋታል ብዬ እተዋለሁ። ተይ ብዬ ዳቦውን እንዳልነጥቃት ደግሞ አንጀቴ አይችልም። ስትበላ ማየት ነው ደስታዬ፤ ስትወጣ መስማት ነው ጭንቄ።»

ድንቡሼ የያዘችው ግማሽ ዳቦ እጇ ላይ ቀረ። በወፍራምነቷ ዘመን ያን ደረጃ ስትወጣ፣ ሰው አይሰማኝም ብላ አፏን በነጠላ አፍና የቆመችባቸው ቀኖች ትዝ አሏት። ለካ ከላይ የሚቆጥር ሰው ነበር።

«እርስዎ እንዴት አድርገው ነው እንዲህ የቀለልዎት?» አሉ። «ወይስ ሲፈጥርዎት ነው?»

«አይደለም። እኔም እንደሷ ነበርኩ። በእግሬ እሄዳለሁ። የምበላውን እመርጣለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቀን ይሰለቸኛል።»

«አይሰለች እንዴ!» አሉ አባቷ፣ ወንበራቸው ላይ እየተቃኑ። «ስንቱ ጋጋሪ ነው እጁን ጠርጎ ጥሎኝ የሄደ! ሁሉም ሲቀጠር ጎበዝ ነው። ሦስት ወር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነሳ ያኔ ይለያል። እኔ ራሴ ስንት ቀን እያለቀስኩ ነው የተነሳሁት መሰለዎት? ማንም ‹ዛሬም ጋገርክ?› ብሎ አላመሰገነኝም። ያልጋገርኩ ቀን ነው የሚያስታውሱኝ።» ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጇን ያዙ፤ አራት ወር ሙሉ አልነኳትም ነበር። «ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም ልጄ። ስሚኝማ፣ ስትመጣ አስተምሪያት። እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትያት። ጓደኛዋ ነሽ፣ ካንቺ ከሰማችው አይከፋትም።»

አንቺ አሏት። ድንቡሼ እጇን ሳታስለቅቅ አንገቷን አቀረቀረች። «እሺ አባባ» አለች። «አስተምራታለሁ።»

እህቷ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። የጠዋቱን ነገር አላነሳችም፣ ድንቡሼም አላነሳችባትም። ወደ ጠረጴዛው መጥታ የቀሩትን ሦስት ዳቦዎች በወረቀታቸው ጠቀለለችና፣ «ይሄን እኔ ልውሰደው፣ ልጆቹ ይበሉታል» አለች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። ድንቡሼም የያዘችውን ግማሽ ጨመረችላት። እህቷ ስትወጣ በሩን በጣም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ወርዳ ነበር። ድንቡሼ የአባቷን ጫማ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። እሷ ቤት ከመጡ ጀምሮ ከማያውቋት ሴት ጋር አልወጣም ብለው አንድ ቀን ከፎቅ ወርደው አያውቁም። «ትንሽ አብረን እንንቀሳቀስ?» አለቻቸው። ጫማውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ካንቺ ጋር ከሆነ ምን ቸገረኝ» አሉና እግራቸውን ሰጧት። ሦስቱን ፎቅ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በየማረፊያው ይቆማሉ፣ የሰው በር ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ያነባሉ፣ የደረጃው ብረት ቀለም ያስፈልገዋል ብለው ያማርራሉ። ውጪ ሲወጡ አየሩ ለስላሳ ነበር። ክንዷን ይዘው በሕንፃው አጥር ጥግ ጥግ ተራመዱ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሲያያቸው ከበርጩማው ተነሳ። «አባባ! ዛሬስ ወጡልን! ደግሞ ከማን ጋር ነዎት?»

«ከልጄ ጓደኛ ጋር» አሉ ሽማግሌው።

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ድንቡሼን አያት። «እቺ እኮ—» ብሎ ሲጀምር፣ እሷ ተወው በሚል ዓይን አየችውና ፈገግ አለች። «እውነታቸውን ነው» አለች። «ጓደኛዋ ነኝ።»

«ጎበዝ ናት» አሉ አባቷ ለዘበኛው፣ ምስጢር እንደሚነግሩት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው። «ትንሽ ትፈጥናለች እንጂ።»

ድንቡሼ እርምጃዋን ቀነሰችላቸው፤ በአጥሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩና፣ እሳቸው ራሳቸው «እንድገመው» አሉ።